ግራና ቀኛቸው የሚመሳሰል ኢደንደሴ እንስሳትን ደረጃ በደረጃ መለየት

ከጓሮ የተቆፈረ የምድር ትል፣ ከበቆሎ እምብርት የወጣ ተምች፣ ከበዓል ዶሮ አንጀት የተገኘ ወስፋት፣ ከበሰበሰ ሥጋ ላይ የተለቀመ የዝንብ እጭ። አራቱ አንድ ሳህን ላይ ቢቀመጡ አብዛኛው ሰው «ትል» ብሎ ያልፋቸዋል። በምደባ ግን የሚገቡት ሦስት የተለያዩ ፋይለሞች (ትልልቅ የእንስሳት ምድቦች) ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ ነፍሳት ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው ከመልክ ስለምንጀምር ነው። መልክ አኗኗርን ይከተላል፤ አፈር ወይም አንጀት ውስጥ የሚኖር እንስሳ ዘሩ ከየትም ይሁን መርዘሙና መለስለሱ አይቀርም። የሚያስተማምነው የአካሉ አሠራር ነው፦ እግሩ፣ የቆዳው ዓይነት፣ ቀለበቱ፣ የአንጀቱ ቀዳዳዎች፣ በአንጀትና በቆዳ መካከል ያለው ክፍተት።

የጀርባ አጥንት ከሌላቸውና ግራና ቀኛቸው ከሚመሳሰል እንስሳት ውስጥ በእጅ የሚገቡት ከሞላ ጎደል አምስት ፋይለሞች ናቸው፦ ጠፍጣፋ ትሎች (ፕላቲሄልሚንቴስ)፣ ድቡልቡል ትሎች (ኔማቶዳ)፣ ባለቀለበት ትሎች (አኔሊዳ)፣ ሞለስካ እና አርትሮፖዳ። ከእነዚህ ውጪ ከ20 በላይ ትንንሽ ፋይለሞች አሉ፤ ብዙዎቹ የባሕር ወይም በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ስለሆኑ እዚህ ብዙ አንነካቸውም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ነጭ ጠፍጣፋ ሳህን፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ ትንንሽ ክዳን ያላቸው ብልቃጦች፣ ስፒል፣ ጫፉ ሹል የሆነ ትንሽ መቀስ፣ የጎማ ጓንት፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ሶፍት፣ አቼቶ እና 70 ከመቶ አልኮል። ማይክሮስኮፕ ካለ ጥሩ ነው፤ ባይኖርም ሥራው ሦስት አራተኛው ያለእሱ ይሄዳል። ብሩሹ ከወረንጦ ይበልጣል፤ ለስላሳ ትልን በወረንጦ መያዝ ማለት ብዙ ጊዜ ለሁለት መቁረጥ ማለት ነው።

የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ጠፍጣፋ ትሎችን ቶሎ ይገድላል። ስለዚህ ውሃውን አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ 24 ሰዓት አሳድረው ይጠቀሙ፤ ወይም እንስሳው የተገኘበትን ውሃ ይዘው ይምጡ።

ውሃ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት

የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች በሚኖሩበት ውሃ ባዶ እጅና እግር አያስገቡ። የጣና፣ የዝዋይና የሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ወንዝ፣ የመስኖ ቦይ ሁሉ ሊያሰጋ ይችላል። የበሽታው እጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ቁስል መኖር አያስፈልገውም። ቦቲና ረጅም የጎማ ጓንት ያድርጉ፣ መልቀሚያዎ እጀታው ረዘም ያለ ወንፊት ይሁን። ውሃ ቆዳዎ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በፎጣ አጥብቀው ይጥረጉ፤ ይህ ግን ሊረዳ ይችላል እንጂ መተማመኛ አይሆንም። ያመጡትን ውሃ ቀንድ አውጣዎቹን አውጥተው 48 ሰዓት ቢያቆዩት እጮቹ ጉልበታቸው አልቆ ይሞታሉ።

ደረጃ 1፦ ግራና ቀኙን ማረጋገጥ

ጥያቄው አንድ ነው፦ እንስሳውን በሐሳብ ሲቆርጡት ስንት ቦታ ላይ እኩል ግማሽ ያገኛሉ? ከአፍ እስከ ጅራት፣ ከጀርባ ወደ ሆድ በሚወርድ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ የግራና ቀኝ ተመሳሳይነት አለው። በብዙ አቅጣጫ ቢቆረጥም እኩል የሚወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኩሬ ውስጥ ከቅጠል ጋር ተጣብቆ የሚኖረው ሃይድራ፣ ዙሪያ ተመሳሳይ ነው፤ ይህ መመሪያ አይመለከተውም። ስፖንጅ ደግሞ በአብዛኛው ቅጥ ያለው መስመር የለውም።

አንድ መስመር ሲኖር ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል፦ ፊትና ኋላ፣ ጀርባና ሆድ። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ እንስሳ አዲስ ነገር የሚያገኘው በፊቱ በኩል ስለሆነ ዓይን፣ አንቴና፣ አፍና የነርቭ ክምችት እዚያው ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ሳህን ላይ ያስቀምጡትና አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይነኩ ይዩት። የሚመራው ጫፍ የቱ ነው? የምድር ትል ወደ ኋላም መሄድ ስለሚችል አንድ እርምጃ አይተው አይፍረዱ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው፤ ጠመዝማዛ ስለሆነ ተመሳሳይነት የሌለው ይመስላል። ቅርፊቱን ይተዉና ወጥቶ ሲሄድ ጭንቅላቱን፣ ቀንዶቹንና እግሩን ይዩ፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የሆድ ዕቃው የዞረው በዕድገቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በብዙዎቹ ፊንጢጣው ከጭንቅላቱ በላይ ወደ ፊት መጥቶ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የወንዝ ሸርጣን ነው፤ አንዱ መቆንጠጫው ከሌላው ሊበልጥ ይችላል፤ የመጠን ልዩነት እንጂ የአሠራር ልዩነት አይደለም። ሦስተኛው የባሕር ኮከብ ነው። ሲያድግ ባለአምስት ክንድ ሆኖ ዙሪያውን ይመሳሰላል፣ እጩ ግን ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ሆኖ ነው የሚዋኘው። በምደባ የሚቆጠረው ከግራና ቀኝ ተመሳሳዮች ጋር ነው። የፈተና ጥያቄ ሆኖ ሲመጣ ተማሪ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ እግር ይቁጠሩ

አንጓ ያለው እግር ካለ ሥራው ግማሹ አልቋል፤ አርትሮፖዳ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዝርያ ስለተገለጸለት ከሚያገኟቸው እንስሳት ብዙዎቹ እዚህ ይወድቃሉ። ማረጋገጫው ጠንካራው የውጭ ልባስ ነው፤ ከካይቲን የተሠራ ነው፣ አብሮ ስለማያድግ እየተጣለ ይተካል።

ከዚያ እግሩን ይቁጠሩ። 6 እግር፣ አንድ ጥንድ አንቴና፣ ሦስት የአካል ክፍል (ጭንቅላት፣ ደረት፣ ሆድ) ካለው ነፍሳት ነው፤ ጉንዳን፣ ንብ፣ አንበጣ፣ ቁንጫ፣ ትኋን። 8 እግር ኖሮት አንቴና ከሌለው ሸረሪት፣ ጊንጥ ወይም መዥገር ነው። መቆንጠጫዎቹን ጨምሮ 10 እግርና ሁለት ጥንድ አንቴና ካለው እንደ ሸርጣን ያለ ክረስቴሽያ ነው። ድንጋይ ስር የሚገኘው፣ ሲነኩት የሚጠቀለል፣ 14 እግር ያለው ግራጫ እንስሳም ነፍሳት ሳይሆን ምድር ላይ የሚኖር ክረስቴሽያ ነው። ከዚያ በላይ እግር ሲኖር አንድ የአካል አንጓን ብቻ ለይተው ይዩ፤ አንድ ጥንድ እግር ከሆነ መቶ እግር፣ ሁለት ጥንድ ከሆነ ሺ እግር ነው። መቶ እግር ከጭንቅላቱ ስር የመርዝ ጥፍር ስላለው በእጅ አይያዝም።

ቆጠራው የሚበላሸው በተለመዱ ምክንያቶች ነው። የጊንጥ መቆንጠጫና የሸረሪት የፊት መዳሰሻ እግር ተደርገው ይቆጠራሉ፤ እነዚህ የአፍ አካባቢ ክፍሎች ናቸው፤ በእነሱ ላይ እግር ማለት ሲሄድ መሬት የሚረግጠው ነው። ከእንቁላል ገና የወጣ መዥገር 6 እግር ብቻ አለው፤ ስምንተኛው የሚሞላው በቀጣዩ የዕድገት ደረጃ ነው። ስለዚህ ከከብት ጆሮ ላይ ያገኙት ጥቃቅን ባለ 6 እግር ነገር አንቴና እንደሌለውና አካሉ በሦስት እንዳልተከፈለ ሳያዩ ነፍሳት ነው አይበሉ።

ትልቁ ወጥመድ ግን የቢራቢሮና የእሳት እራት እጭ ነው። መጤ ተምችን ይውሰዱ፤ ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳ ላይ የታየው ነው። ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ባሉት ሦስት አንጓዎች ላይ ሦስት ጥንድ ሹልና አንጓ ያላቸው እውነተኛ እግሮች አሉ። ከዚያ ባዶ አንጓዎች ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ወፍራምና አንጓ የሌላቸው አምስት ጥንድ የሥጋ እግሮች። እነዚህ ለመጣበቅ ብቻ የሚያገለግሉ ሲሆኑ እጩ ወደ ሙሽሬ ሲለወጥ ይጠፋሉ፤ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። ሦስት ጥንድ ብቻ ቆጥረው ነፍሳት ብለው ይጻፉ። መጤ ተምች መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የ«ዋይ» ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አጠገብ ባለው ስምንተኛው የሆድ አንጓ ላይ ካሬ ሠርተው የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ይፈልጉ። የአገሩ ተምች ይህ አራት ነጥብ የለውም።

የአንበጣን አካል በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሆዱን በጎን በኩል በአጉሊ መነጽር ይመልከት። በየአንጓው ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ደረቱ ላይ ካሉት ጋር 10 ጥንድ ይሆናል። የሚተነፍሰው በእነዚህ ነው፤ አየሩ በቀጭን ቱቦዎች ቀጥታ ወደ ሥጋው ስለሚደርስ ደሙ ኦክስጅን የማመላለስ ሥራ የለበትም። የመጀመሪያው የሆድ አንጓ ላይ በግራና ቀኝ የሚታየው የተወጠረ ቆዳ ጆሮው ነው። ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ላይ ይህን ማየት ያስቸግራል፤ ያደገ አንበጣ ይምረጡ።

ደረጃ 3፦ እግር ከሌለው፣ የሚሳብበት የሥጋ እግር አለው?

ከስሩ አንድ ሰፊ የጡንቻ እግር ኖሮት በልጋግ ላይ የሚሳብ ከሆነ ሞለስካ ነው። ሦስት ክፍል ይፈልጉ፦ እግሩ፣ የሆድ ዕቃው ክምችት፣ እና ያንን የሚሸፍነው፣ ቅርፊቱንም የሚያመርተው ልባስ። መስታወት ላይ አስቀምጠው ከታች ሲያዩት በእግሩ ላይ ከኋላ ወደ ፊት የሚጓዝ የጡንቻ ሞገድ ይታያል።

የውሃ ቀንድ አውጣዎችን መለየት በአገራችን ከጤናም ከከብት ሀብትም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጊዜ ቢወስድ አያስቆጭም። የቅርፊቱን ሹል ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እርስዎ አድርገው ይያዙ። አፉ በቀኝ በኩል ከሆነና ሹል ጫፍ ካለው፣ ክዳንም ከሌለው ሊምኒያ ሊሆን ይችላል፤ የበግና የከብት ጉበት ትል የሚያስተላልፈው ወገን ነው። አፉ በግራ በኩል ከሆነ ቡሊነስን ይጠርጥሩ፤ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆነው በቆላ ይገኛል። ሹል ጫፍ ጭራሽ ሳይኖረው ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለ ከሆነ ባዮምፋላሪያ ነው፤ የአንጀት ቢልሃርዚያ የሚተላለፍበት። ስህተት የሚፈጠረው ቅርፊቱ ተገልብጦ ሲያዝ ነው፤ ሹሉ ወደ ታች ሆኖ አፉ ወደ እርስዎ ከዞረ ግራው ቀኝ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ፋይሳ የሚባለው ቀንድ አውጣ ነው፤ እሱም አፉ በግራ ነው፣ ግን ቢልሃርዚያ አያስተላልፍም። ቅርፊቱ ይበልጥ ያብለጨልጫል፣ ቀንዶቹም ቀጫጭን ናቸው።

ስለ ቀንድ አውጣ ሲነሳ እንዶድ ሳይነሳ አይታለፍም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምሩን የጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዛሬም ቢሆን ናሙና ለመልቀም ሲባል እንዶድ ወንዝ ውስጥ አይጨምሩ፤ ዓሣም ይገድላል።

የቅርፊት ምርመራ በአቼቶ ይሠራል። ባዶ ቅርፊት አቼቶ ውስጥ ሲገባ አረፋ ያወጣል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ነው። የጥንዚዛ ክንፍ ሽፋን አያወጣም። ይህን ብቻ ይዘው ግን «አረፋ ያወጣ ሁሉ ሞለስካ ነው» እንዳይሉ፤ የሸርጣን ልባስም ካልሲየም ስላለው ያወጣል። እግሩን አስቀድመው ስለቆጠሩ አይሳሳቱም።

ቅርፊት የሌለውን ቀንድ አውጣ ከአልቅት ጋር የሚያምታቱ አሉ። ቀንድ አውጣው ሁለት ጥንድ ቀንድ አለው፣ በቀኝ ጎኑ የሚከፈትና የሚዘጋ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይታያል፣ ሰውነቱ ላይ ቀለበት የለም። ሁለት ክዳን ያላቸው የወንዝና የሐይቅ ሞለስኮች ደግሞ ጭንቅላት የላቸውም፤ የተመሳሳይነቱ መስመር የሚያልፈው በሁለቱ ክዳኖች መካከል ነው።

ደረጃ 4፦ የቀሩት ትሎች

አንጓ ያለው እግርም የሥጋ እግርም ከሌለው መጀመሪያ የነፍሳት እጭ አለመሆኑን ያጣሩ። የዝንብ እጭ እግር የለውም፣ የሚታይ ጭንቅላትም የለውም። ሹሉ ጫፍ ላይ ጥቁር የአፍ መንጠቆ፣ ደፍጠጥ ባለው ጫፍ ላይ ሁለት ቡናማ የመተንፈሻ ነጥቦች ካዩ እጭ ነው። ሁለቱ ነጥቦች ዓይን ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ኋላውን ፊት ያደርገዋል።

እጭ ካልሆነ እርጥብ ሳህን ላይ አድርገው እንቅስቃሴውን ይዩ። ቅርጹን ሳይቀይር የሚንሸራተት ከሆነ ጠፍጣፋ ትል፣ ሳያጥርና ሳይረዝም ግራና ቀኝ የሚገረፍ ከሆነ ድቡልቡል ትል፣ እየቀጠነና እየወፈረ የሚሄድ ከሆነ ባለቀለበት ትል ነው። ምክንያቱ ጡንቻው ነው። ድቡልቡል ትል ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ጡንቻ እንጂ ክብ ጡንቻ የለውም፤ ስለዚህ መቅጠን አይችልም፣ መታጠፍ ብቻ። የምድር ትል ሁለቱም አለው። ትሉ ከቀዘቀዘ ወይም ሊሞት ከደረሰ ግን ይህ ምልክት አይሠራም፤ ለብ ያለ ክፍል ውስጥ ጥቂት ያቆዩት።

ጠፍጣፋ ትሎች። በነፃ የሚኖረውን ፕላናሪያ ለማግኘት ቀዝቃዛና ንጹሕ ምንጭ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ጥሬ ጉበት በክር አስረው ድንጋይ ስር ያስቀምጡ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ያውጡ። ጥቁር ወይም ግራጫ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 15 ሚ.ሜ. የሚደርስ፣ ሁለት የዓይን ነጥብ ያለው ነው። አፉ ጭንቅላቱ ላይ ሳይሆን ሆዱ መሃል ላይ ነው፤ ፊንጢጣ የለውም፣ የበላበት ቀዳዳ ነው የሚያስወግድበትም። ምንም ካልመጣ ውሃው ቆሽሿል ወይም ጉበቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል ማለት ሊሆን ይችላል።

ጥገኞቹን ለማየት ቄራ ይበቃል። በበግ ጉበት ውስጥ የሐሞት ቱቦው ወፍሮ ነጭ ከሆነ ቀድደው ሲጫኑት ቅጠል መሳይ ትል ይወጣል። ፋሲዮላ ሄፓቲካ እስከ 3 ሴ.ሜ. ያድጋል፣ ትከሻ መሳይ ስፋት አለው፤ በደጋ ይበዛል። የቆላው ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ እስከ 7.5 ሴ.ሜ. ይደርሳል፣ ረዘም ብሎ ጎኖቹ ትይዩ ናቸው። ሁለቱም አንድ መጣበቂያ አፍ ላይ፣ ሌላ ሆድ ላይ አላቸው።

ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል፣ ቴኒያ ሳጊናታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይረዝማል፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ቁራጮችም ይኖሩታል። አፍም አንጀትም የለውም፤ ምግቡን በቆዳው ይስባል። ጭንቅላቱ አራት መጣበቂያ እንጂ መንጠቆ የለውም፤ የአሳማው ቴኒያ ሶሊየም ግን መንጠቆ አለው። ሰገራ ላይ የሚታዩት የዱባ ፍሬ የሚመስሉ ነጭ ቁራጮች ራሳቸው ስለሚንቀሳቀሱ ሙሉ ትል ይመስላሉ፤ እንቁላል የሞላባቸው ክፍሎች ናቸው። ቁራጮቹን አይተው ደግሞ ከባለቀለበቶቹ ጋር አይደምሩት። የኮሶ አዲስ ቁራጭ የሚወጣው ከአንገቱ ነው፣ አሮጌው ወደ ጅራት እየተገፋ ይሄዳል፣ እያንዳንዱም የራሱ የወንድና የሴት ብልት አለው። የምድር ትል ቀለበቶች ግን የአንድ አካል ክፍሎች ናቸው፤ አንጀቱ፣ ደም ሥሩና ነርቩ በሁሉም ውስጥ ያልፋሉ።

ድቡልቡል ትሎች። ለትምህርት የሚመቸው የዶሮ ወስፋት ነው፤ እስከ 12 ሴ.ሜ. ይደርሳል፣ የሐበሻ ዶሮ ቀጭን አንጀት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ይገኛል። የሰውን ወስፋት ግን ባያነሱት ይሻላል፤ እንቁላሉ ፎርማሊን ውስጥ እንኳን ሊተርፍ ይችላል፣ የሰውነቱ ፈሳሽም አለርጂ ያስነሳል። በበግ አራተኛ ጨጓራ ውስጥ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. የሚሆን ቀጭን ትል ይፈልጉ፤ ደም የሞላው ቀይ አንጀት በነጭ ማኅፀን ዙሪያ ተጠምዝዞ ከታየ ሄሞንከስ ነው።

የአፈር ድቡልቡል ትሎችን ለማውጣት ሃይላንዱን ከመሃል ቆርጠው የላይኛውን ግማሽ ክዳኑ እንደተዘጋ ይገልብጡት፣ ብርጭቆ ላይ ያቁሙት። አፉ ላይ ወንፊት፣ ወንፊቱ ላይ ሁለት ንብርብር ሶፍት፣ ሶፍቱ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ እርጥብ አፈር ያድርጉ። ውሃውን በጎን በኩል ቀስ ብለው አፈሩን ከስር እስኪነካ ድረስ ብቻ ያፍስሱ። በ24 ሰዓት ውስጥ ትሎቹ ከአፈሩ እየወጡ፣ ወደ ላይ መዋኘት ስለማይችሉ ክዳኑ ላይ ይከማቻሉ። ክዳኑን ላላ አድርገው የመጀመሪያውን 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ይቀበሉ። ባዶ ከወጣ አንዱ ምክንያት አፈሩ ደረቅ መሆኑ ነው፤ ሌላው አፈሩ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሰምጦ አየር ማጣቱ። ውሃው ጭቃ ከሆነ ሶፍቱ ተቀዷል።

ኩሬ ውስጥ ወይም ዝናብ ባጠራቀመው ውሃ እንደ ክር ቀጭን፣ ቡናማ፣ ከ10 ሴ.ሜ. የሚበልጥ ትል ካገኙ ከኔማቶዳ ጋር አይመድቡት። ከፌንጣ ወይም ከሌላ ነፍሳት ሆድ የወጣ የፀጉር ትል ነው፤ የራሱ ፋይለም፣ ኔማቶሞርፋ፣ አለው።

ባለቀለበት ትሎች። የምድር ትልን ከጅራት ወደ ጭንቅላት በእርጥብ ጣት ቢያሻሹት ይሻክራል፤ እነዚህ ለመቆንጠጥ የሚጠቀምባቸው ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው። ለኮምፖስት የሚረባው ቀዩ አይሰኒያ ፌቲዳ በየቀለበቱ አራት ጥንድ ፀጉር አለው። ወፈር ያለው ቀለበት ለጭንቅላቱ የሚቀርብ ስለሆነ ፊቱን ከኋላው በዚህ ይለዩ። ገና ያላደገ ትል ግን ይህ ወፍራም ቀለበት የለውም፤ ስለሌለው ብቻ ሌላ ዝርያ ነው አይበሉ።

አልቅት ፀጉር የለውም፣ በሁለቱም ጫፍ መጣበቂያ አለው። የውጭ ቀለበቱን ቆጥረው የአካል ክፍሉን ያወቁ እንዳይመስልዎት፤ አንድ የውስጥ ክፍል ከውጭ በብዙ መስመር ይከፋፈላል፣ ክፍሉ ግን በአልቅት ሁሉ 34 ገደማ ነው። ከኩሬ የሚጠጡ ከብቶች አፍና ጉሮሮ ውስጥ የሚገኘው ሊምናቲስ ኒሎቲካ ሰውም ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ አልቅት የተለቀመበትን ውሃ ለመጠጣት አይሞክሩ።

ደረጃ 5፦ ውስጡን መክፈት

ክፍተቱን ሳያዩ ሦስቱን ትሎች ለይቻለሁ ማለት ይከብዳል። ትልቅ የምድር ትል 10 ከመቶ አልኮል ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል ያቆዩ፤ ሲነኩት ካልተንቀሳቀሰ ዝግጁ ነው። ጠቆር ያለውን ጀርባ ወደ ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፍ በስፒል ቡሽ ወይም ሰም ላይ ይውጉ። ከወፍራሙ ቀለበት ትንሽ ወደ ኋላ ይጀምሩና ከመሃል መስመር በትንሹ ጎን ብለው፣ የመቀሱን ጫፍ ወደ ላይ እያነሱ ወደ ጭንቅላቱ ይቁረጡ። በመሃል ላይ ከቆረጡ የጀርባው ደም ሥር ይበጠሳል፤ መቀሱ ከጠለቀ አንጀቱ ተቀድዶ አፈር ይፈስና ምንም አይታይም። ቆዳውን ግራና ቀኝ ገልጠው በስፒል ይወጥሩ፣ ውሃ ያልብሱት።

በየቀለበቱ ቀጭን ግድግዳ፣ በግድግዳዎቹ መካከል ደግሞ ክፍተት ይታያል። ይህ ክፍተት በራሱ ሕብረ ሕዋስ ዙሪያውን የተለበሰ እውነተኛ የአካል ክፍተት ነው። አንጀቱን ገለል ሲያደርጉ ከስር ነጭ ክር ታገኛላችሁ፤ የነርቭ ገመዱ ነው፣ እንደ እኛ በጀርባ ሳይሆን በሆድ በኩል ይሄዳል። በአርትሮፖዳም እንዲሁ ነው።

አሁን የዶሮ ወስፋቱን በተመሳሳይ መንገድ ይክፈቱ። ግድግዳ የለም፤ አንጀቱና የመራቢያ ክሩ በፈሳሽ ውስጥ ልቅ ሆነው ይወጣሉ። ክፍተቱ አለ፣ ግን ዙሪያውን ስላልተለበሰ ሐሰተኛ ክፍተት ይባላል። የጉበት ትሉን ደግሞ በምላጭ አግድም ቢቆርጡት ከዳር እስከ ዳር በሥጋ የተሞላ ነው፤ ክፍተት የለውም። ሞለስካና አርትሮፖዳ እውነተኛ ክፍተት አላቸው፣ ግን በጣም ትንሽ ሆኗል፤ ሸርጣን ሲከፍቱ የሚያዩት ሰፊ ባዶ ቦታ ደም የሚፈስበት ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ትልልቅ ወገኖች መሰብሰብ

ብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍት እንስሳቱን በክፍተት ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፦ ክፍተት የሌለው፣ ሐሰተኛ፣ እውነተኛ። ለማስታወስ ይመቻል፣ ዝምድና ግን አያሳይም። የምድር ትልንና ነፍሳትን በቀለበታቸው ምክንያት አንድ ላይ ማድረግም የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከዘረመል ንጽጽር የወጣው ውጤት ግን ልባሳቸውን የሚጥሉትን አንድ ወገን አደረጋቸው፦ አርትሮፖዳ፣ ኔማቶዳ እና የፀጉር ትሎች፤ ኤክዳይሶዞዋ ይባላሉ። ድቡልቡል ትል በሕይወቱ አራት ጊዜ ልባሱን ይጥላል፤ የምድር ትል አንድም ጊዜ አይጥልም። ባለቀለበቶቹ፣ ሞለስካ እና ጠፍጣፋ ትሎች በሌላው ወገን ናቸው፣ ስፓይራሊያ። ሁለቱም ወገን ፕሮቶስቶም ውስጥ ይገባል፤ በተለመደው አገላለጽ በጽንሱ ላይ መጀመሪያ የሚከፈተው ቀዳዳ አፍ የሚሆንባቸው፣ ምንም እንኳ ከዚህ የሚወጡ ቢኖሩም። የባሕር ኮከብ ከእኛ ጋር ዲውተሮስቶም (በተለመደው አገላለጽ ያ ቀዳዳ ፊንጢጣ የሚሆንበት) ነው። ስለዚህ ከወስፋት ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የባሕር ኮከብ ነው፤ ለወስፋት ደግሞ ከምድር ትል ይልቅ ጉንዳን ይቀርበዋል።

ደረጃ 7፦ ማቆየት

አርትሮፖዳ በቀጥታ 70 ከመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። ያለዎት 96 ከመቶ ከሆነ 73 ሚሊ ሊትር ወስደው በውሃ 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። አረቄ አይበቃም፤ ጥንካሬው ከ70 በታች ስለሆነ ናሙናው ይበሰብሳል። ለስላሳዎቹ በቀጥታ ከገቡ ተኮማትረው ምንም አይለዩም። ድቡልቡል ትልን 60 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ሲገድሉት ቀጥ ይላል። የጉበት ትልን በሁለት መስታወት መካከል በቀስታ ተጭነው ከዚያ አልኮል ያስገቡ። ቀንድ አውጣን ደግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ አፉ በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ አየር ሳይኖር ዘግተው ያሳድሩት፤ ሲነጋ ወጥቶና ተዘርግቶ ይገኛል። ትልልቅ ናሙና ውስጡ ያለው ውሃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግሥቱ አልኮሉን ይለውጡ።

መለያውን ብልቃጡ ላይ ሳይሆን ውስጡ ያስገቡ፤ በእርሳስ ይጻፉት፣ የስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ ከምን ላይ ወይም ከምን ውስጥ እንደተገኘ፣ እግሩ ስንት እንደሆነ። የዝርያ ስም እርግጠኛ ካልሆኑ እስከ ፋይለም ወይም መደብ ጽፈው ያቁሙ። «ሊምኒያ፣ አፉ በቀኝ፣ የመስኖ ቦይ» የሚል ወረቀት በግምት ከተጻፈ ሙሉ የዝርያ ስም ይልቅ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።